ለአባባ የላክሽው ድምፅ

ይድረስ ለእህቴ ለራኒያ፤ አሰላሙ አለይኩም። አንቺና ጓደኛሽ ሊዲ ታይላንድ እንዴት ይዛችኋለች? እኔና እማዬ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ድምፄ ስለዘጋ ነው መደወሉን ትቼ የምጽፍልሽ።

ስለ ዝሆኖቹ ለአባባ በድምፅ የላክሽውን ሰማሁት፤ ስልካቸው እኔ ጋ ነው። መጋለብም ማጠብም ክልክል ነው፣ ከወንዙ ማዶ ቆመን ብቻ ነው የምናያቸው ብለሻል። አባባ ቢሰሙት «ታዲያ ካልጋለባችሁት ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» ብለው ይስቁብሽ ነበር። አሮጊቷ ዝሆን የወደቀች ለታ ሌሎቹ እስኪመሽ ከበዋት ቆሙ ያልሽው ላይ ስደርስ ግን አጠፋሁት። ለእማዬ አላሰማኋትም።

እዚህ አውሮራ ከተማ ቤታችን ሰው በሰው ሆኗል። ለዒድ እንኳ የማይመጡት፣ ጎረቤት ከተማ ሌክውድ ያሉት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ መጥተዋል። ወንበር ስላነሰን ከመስጊድ አመጣን። ምግቡን የሚያመጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ እማዬን ማንም ኪችን አያስገባትም። ሌላ ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ሊጠይቁን ነው።

ኤርፖርት አባባ ይምጡልኝ ብለሻል። መኪናቸው እሳቸው ፓርክ ያደረጓት ቦታ ናት፤ ወንበሯን እንኳ ወደ እኔ ልክ አላስተካከልኩትም። አንቺን ልንቀበል ሁላችንም እንመጣለን። እስከዚያ ስልክሽን ለሊዲ ስጫትና ዕረፍትሽን ዕረፊ። እሷን ትናንት ደውዬ አናግሬያታለሁ። ዝም ብላ ብታቅፍሽ ለምን አትበያት።

አላህ ወገን መሃል በሰላም ያግባሽ።

ወንድምሽ መንሱር