ወንድሜ «ነገር ግን» ካለ በኋላ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ወረወርኩት። ብርጭቆውን ጠላው እንዳለበት የገዛ ወንድሜ ፊት ላይ ወረወርኩት። ቢኒያም ዐይኑን ይዞ በጉልበቱ ወደቀ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። እኔ ግን አልበቃኝም፣ ደረቱን በእግሬ መታሁት። ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣኝ።

ትናንት የአቦ ማኅበራችን ነበር። ቄሳችን በስድስቱ ቀን የተፈጠሩትን ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት፣ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ ጠፈር እያሉ ሲቆጥሩ፣ አንዲት እናት ቢኒያምን «አንተ የፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ? ሳይንሱስ ከዚህ ጋር ይስማማል?» አሉት።

«ስድስቱን ቀን እንደኛ ቀን ከቆጠርነው አይስማማም። ነገር ግን…»

አላስጨረስኩትም። ቃሊቲ ጋራዥ መኪና ሥር እየተኛሁ ከፍዬ ያስተማርኩት ልጅ በማኅበርተኞቼ ፊት ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

ማክሰኞ 7

ቀኝ ዐይኑ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ገብቶ ነበር። በቀዶ ሕክምና አወጡለት። ያያል? አይታወቅም። እሑድ ፋሻው ሲፈታ ነው የሚለየው።

ሚስቱ መሠረት ከሆስፒታሉ በር መለሰችኝ። «ዞር በልልኝ፣ አረመኔ!»

ሥራ ገባሁ። አንድ ብሎን ሰበርኩ፣ አንድ ደንበኛ ሰደብኩ።

ረቡዕ 8

የመሠረት ወንድም ደረጀ ጋራዥ ድረስ መጣ። የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው። ሰላም ሳይል በጎማ መፍቻ ጎኔን አለኝ። ወደቅሁ። ደገመኝ።

«ተነስና ምታኝ እንጂ!»

ካቻቪቴ እጄ አጠገብ ወድቋል። አየሁት። የደረጀም አንገት ታየኝ። አላነሳሁትም። በዚህ ሳምንት የሠራሁት ደግ ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። ሳስል ጎኔ ይገድለኛል።

ሐሙስ 9

ቄሱ ቤቴ መጡ። የሚቀጥለው ወር ጽዋ የኔ ተራ ነበር፤ አገዱኝ። ወንድምህ ይቅር ሳይልህ ጽዋ አታነሳም አሉ።

«ለሃይማኖቴ ብዬ እኮ ነው አባቴ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔ መቼ ተቀየምኩ? መልሱን ለመስማት ጓጉቼ ነበር። ያስቀረህብኝ አንተ ነህ።»

እውነቱን ልጻፈው። ለሃይማኖት አልነበረም። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ ሲያዞር ቀናሁ። ራሴን ጠላሁት።

እሑድ 12

ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ። ጎኔ እየተሰነጠቀ ሆስፒታሉ በር ደረስኩ። ዘበኛው «ሰው ደብድበህ ድንጋይ ይዘህ ትገባለህ?» ብሎ አስጣለኝ። ወሬው ቀድሞኛል ማለት ነው። ቄሱ አብረውኝ ስለነበሩ መሠረት መንገድ ለቀቀች።

ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። ቢኒያም ጤነኛውን ግራ ዐይኑን በመዳፉ ሸፈነ። እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ያን ዕለት ምን ልትል ነበር? ጨርስልኝ።»

«በሳይንሱም እንደ መጽሐፉ ብርሃን ይቀድማል፤ ፀሐይና ከዋክብት ኋላ ነው የመጡት። እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ይኸው ነበር፣ ወንድምጋሼ።»

ቄሱ «ይኸን ነበር ያስቀረህብኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«አሁንስ ምን ይታይሃል?» አለችው ሐኪሟ።

«ብርሃን። ሰው አልለይም። ብርሃን ብቻ።»

ጥሩ ምልክት ነው፣ የቀረው ጊዜ ይፈልጋል አለች። መሠረት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«በቀኙ ዐይኔ ፊትህ ሲታየኝ እነግርሃለሁ» አለኝ።

ነገም እሄዳለሁ።