ላስቲክ ለብሰው ስለሚጠበቁት አርባ ወንበሮች

ለክቡር ወንድማችን፣ ለቤተ ክርስቲያናችን የንብረት አጠባበቅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ጉልበትዎንማ በተለይ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል። እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ያቺ ከመዘምራን ጀርባ አፏ የማያርፈው ሴትዮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ደስታዬ ወደር አጥቷል፤ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረስኩ ጀምሮ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲጻፍልኝ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ።

ጥፋቴ «ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ሰዎችን በወንበር ላይ ማስቀመጥ» ይላል። አምናለሁ፤ አስቀምጫለሁ። ቢሆንም አንባቢ ይፍረድ ብዬ ነገሩን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ አርባዎቹ ወንበሮች በምእመናን መዋጮ ከተገዙ ዘጠኝ ወር ሆናቸው። እርስዎም እንዳያረጁ በማሰብ ከፋብሪካ የመጡበት ላስቲክ እንዳይወልቅ አዘዙ፤ ስለዚህ ፊተኞቹ ላይ የሚቀመጡት የኮሚቴው አባላት በተንቀሳቀሱ ቁጥር ላስቲኩ ጸሎቱ መሀል ይንኮሻኮሻል። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ የሰው ጉልበት አረጀ እንጂ ወንበራችንስ አላረጀም።

ሁለተኛ፣ ከኮሚቴው በተረፉት ላይ «ለእንግዶች ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። እስካሁን የመጣልን እንግዳ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሥራውን ቆሞ ጨርሶ ሄደ።

ሦስተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛችን እማማ ሃያ ሁለት ዓመት ይህን አዳራሽ ተንበርክከው አጥበዋል። በየሳምንቱ አርባውንም ወንበር በጨርቅ ወልውለው ሲጨርሱ አሮጌዎቹ አግዳሚዎች ሞልተው ይጠብቋቸዋል፤ ስለዚህ ባበጠ ጉልበታቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ለምን ከአዲሶቹ በአንዱ አይቀመጡም ብላቸው፣ ቀሚሳቸው እርጥብ ስለሆነ ወንበሩን ያበላሻል ብለው እርስዎ እንደከለከሏቸው ያለ ምንም ምሬት ነገሩኝ። «እኔ እኮ ወንበሩን የማውቀው በጨርቅ ነው ልጄ፤ በመቀመጫዬማ አልተዋወቅንም» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን መቆሙ ስላቃታቸው ከእንግዲህ ወለሉን አጥበው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ፣ ጸሎታቸውንም አልጋቸው ላይ ሆነው እንደሚያደርሱ ጨመሩልኝ። ሳቄ እዚያ ላይ አለቀ።

በሚቀጥለው ጉባኤ መቀሴን ይዤ መጣሁ። እጄ የለመደው ሥራ ነውና አርባውንም ላስቲክ ገፈፍኩ፤ እማማን በመካከለኛው ወንበር፣ የቆሙትን አዛውንት ሁሉ በቀሩት አስቀመጥኩ። እርስዎ ዘግይተው ስለደረሱ ያንን ረጅም ስብከት ግድግዳ ተደግፈው እንዲያዳምጡ ተገደዱ። ጉልበትዎን የጠየቅሁት ለዚሁ ነው።

ንብረት የእግዚአብሔር ነው፣ እኛ ባለአደራ ነን ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ እውነትዎን ነው። ባለአደራ ግን አደራውን ለተላከለት ሰው ያደርሳል እንጂ አቅፎት አይቀመጥም። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ፎጣው እንዳይረጥብ ተጨንቆ እንደሆነ ብፈልግ አጣሁ፤ ምናልባት የንብረት ኮሚቴ አልነበራቸውም ይሆናል። እማማም እኮ አደራ ናቸው፤ እሳቸውን ግን እንዳያረጁ ብሎ ላስቲክ ያለበሳቸው የለም።

ስለዚህ ያንን ወረቀት ገልብጠው «ለደከመው ሁሉ» ብለው እንዲጽፉበት በአክብሮት እለምናለሁ። የእጅ ጽሑፍዎ እንደሆነ ያምራል።

የወንበሮቹን ዕድሜ ለእርስዎም እንዲያድልዎ እየጸለይኩ፣ ማስጠንቀቂያዎን በመስታወት አድርጋ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው፣ መታዘዝን ገና በመለማመድ ላይ ያለችው

ልብስ ሰፊዋ እህትዎ

ሳልረሳው፦ አርባውን ላስቲክ እንዳስረክብ አዘውኛል። ንብረት አባካኝ አይደለሁም፤ አንዱም አልጠፋም። በድርብ ስፌት አያይዤው እማማ ቤት፣ በሚያፈሰው ጣሪያ ላይ ተዘርግቷል። ኮሚቴው ሊረከብ ከፈለገ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ይምጣ። እማማ ያላቸው አንድ በርጩማ ነው፤ እሱንም ለእንግዳ ይለቃሉ።