አለቃችን ጫፍ ያሉት ቋጥኝ

ወንድምዬ፣ መዝገብ ቤቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለውን ትልቁን የኖራ ድንጋይ ተራራ ልንወጣ መጥተናል። አለቃን ቀድሞ መራመድ ነውር ስለሆነ እንደ ቀንድ አውጣ እየተንፏቀቅን ተከተልናቸው። አጋማሹ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አንድ ነጭ ቋጥኝ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና «እንኳን ለጫፉ አበቃን» አሉ። አጨበጨብን። ያኔ የአዳራሹ ጣሪያ ሲያፈስ «አያፈስም» ብለውን በረጠበ እጃችን እንዳጨበጨብነው ማለት ነው።

አስጎብኚው ግን የመሥሪያ ቤታችን ሰው አይደለም። «ጌታዬ፣ ጫፉ እኮ ያ ነው» ብሎ ወደ ላይ ጠቆመ። ቀና ብለን አየነው፤ ደመናውን ሰንጥቆ ቆሟል። ምክትላቸው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እሱ ሌላ ተራራ ነው» አለ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አለቃችን ሲነሱ የሱሪያቸው መቀመጫ ኖራ ተለስኖ ነበር። ብቻቸውን እንዳያፍሩ ሁላችንም ተራ በተራ ቋጥኙ ላይ ተቀመጥን።

አንተ ብትኖር «አይደለም» ትል ነበር፤ መዝገብ ቤት የወረድከውስ ለዚሁ አይደል? ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ይህን የምጽፍልህን ፖስት ካርድ ግን ቢሮ እንዳትሰቅለው፤ ፎቶው የዚያ «የሌላው ተራራ» ነው። ምክትሉ የፓርኩ ሱቅ ውስጥ ያለውን ካርድ ሁሉ ለቅሞ ሲገዛ ይህችን አንዷን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው ያተረፍኳት።