ለተቆረጠው ኒምና ላልተደረገው ፍጻሜ

ለክቡር አቶ ሽመክት ሀብተ ማርያም
የኒም ጥላ የሜዳ ቴኒስ ክበብ ሊቀ መንበር፣ የውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የዘንድሮዋ ሻምፒዮን አባት
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ ደህና ነው ወይ? የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ። ባለፈው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ እንኳ ከግንብ ሥር በማይወጣበት ሰዓት፣ ማይክሮፎን ጨብጠው ሜዳ መሃል ቆመው ስላየሁዎት፣ ፀሐዩ አናትዎን ሳይመታዎት አልቀረም ብዬ ሰግቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ያደረጉትንና የተናገሩትን ሳስበው ደግሞ ስጋቴ ብሶብኛል።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ የምድር ባቡር መካኒክ የነበሩት የአቶ በዛብህ ልጅ ዝናሽ ነኝ። የክበቡ አባል ከሆንኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እዚያች ረጅም የዳኛ ወንበር ላይ እየወጣሁ መዳኘት ከጀመርኩ ደግሞ አሥራ አንድ። እሑድም ወንበሯ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ፍጻሜው በፎርፌ ተጠናቋል» ብለው ሲያውጁ ከኋላዎ ሆኜ «ኧረ አልተጠናቀቀም!» ስል በማይክሮፎንዎ ያፈኑት የእኔን ድምፅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማይክሮፎን በማይደርስበት በወረቀት ልናገር። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ ዳኛዋ ራሷ መናገር ሲያምራት ምን እንደሚባል ግን አባቶቻችን አልነገሩንም። ምስጋናዬን ቅደም ተከተል አስይዤ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ኒሙ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ክበባችን ስሙን ያገኘው ከዛፉ እንደሆነ፣ ማኅተማችንም ላይ ያለው እሱ እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን ደብዳቤ እኛን የማያውቅ ሰውም ስለሚያነበው ግን ደንባችንን ልድገመው። ክበቡን የመሠረቱት የባቡር ሠራተኞች በእጃቸው ጽፈው ቢሮው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ደንብ፣ ቁጥር ሰባት ላይ፣ «ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ጨዋታ የኒሙ ጥላ መረቡን ሳይነካ አይጀመርም» ይላል። በዚህም ምክንያት የእጅ ሰዓት ያለውም የሌለውም፣ አማርኛ የሚያነበውም የማያነበውም፣ ጥላውን አይቶ ሲገባ ኖሯል፤ በእኔ ዘመን «አረፈድክ» ተብሎ የተሸነፈ ሰው አላስታውስም። እርስዎ ግን ለፍጻሜው ባሠሩት ባነር ላይ ያለው የራስዎ ፎቶግራፍ በቅርንጫፉ ስለተጋረደ፣ ባነሩን ሁለት ክንድ ፈቀቅ ማድረግ ሲቻል፣ ዛፉን ከሥሩ አስቆረጡት። ፎቶግራፉስ ያምራል፤ ከዋንጫው ሥዕል በሦስት እጥፍ ይበልጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኒም ጥላ ክበብ አባል ጃንጥላ ይዞ ወደ ክበቡ ሲመጣ ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፤ ለዐሥር ሰዓት ተኩል የተያዘውን የሴቶች ፍጻሜ፣ የክብር እንግዳዎ ሌላ ግብዣ ስላለባቸው ብለው በዕለቱ ረፋድ ላይ ወደ ስምንት ሰዓት ስላመጡት አመሰግናለሁ። ስምንት ሰዓት! እርስዎ እኮ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰው ነዎት። ሱቁ ተዘግቶ፣ ባለ ባጃጁ እግሩን አውጥቶ ተኝቶ፣ ሌባ እንኳ ጎኑን የሚያሳርፍበት ሰዓት መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ያሳፍረኛል። የክብር እንግዳውም ቢሆኑ ምሳቸውን በልተው ጋደም ስላሉ ሳይመጡ ቀርተዋል። ለእሳቸው በተዘጋጀው ወንበር ላይ የውሃ ካርቶን ተቀምጦ ዋለ። ልጅዎ ሃኒ በዚያ ፀሐይ ራኬቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዐይኗን ከመሬት ሳትነቅል አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻዋን ቆመች፤ ከዚያም አባቷ ሻምፒዮን መሆኗን አበሰሯት። አንድ ኳስ እንኳ አልተመታም።

ሦስተኛ፤ የሰዓቱን ለውጥ «በቴሌግራም ግሩፑ አሳውቀናል» ብለዋል። እውነት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ሌላዋ የፍጻሜ ተጫዋች ቢሻሮ ግን ከግሩፑ ከተባረረች ሳምንቷ ነበር። ጥፋቷ ዛፉ በተቆረጠ ማግስት «አቦ፣ ጥላው ከሌለ ጨዋታው መቼ እንደሚጀመር በምን እናውቃለን?» ብላ መጻፏ ነው። መልስ ስላጡላት ጠያቂዋን አስወጧት። «አንቺስ ለምን አልደወልሽላትም?» ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ፣ ይገባኛል። «ኮሚቴው ደውሎላታል» ሲሉኝ አመንኩዎት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ሜዳ ላይ ከሠራሁት ስህተት ሁሉ ይኸኛው ይበልጣል።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቆየውና ስለ ቢሻሮ ልንገርዎ። ከእናቷ ጋር ቀፊራ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ገበያው ሳይከፈት በማለዳ እየመጣች ከክበቡ ግንብ ጋር ኳስ ተማታለች፤ ግንቡ እንዲያውም ኳሱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቋል። የፍጻሜው አሸናፊ ከተማዋን ወክላ ለአገር አቀፍ ውድድር ትሄዳለች። አባቷ ደግሞ «ዘንድሮ ካልሄድሽ ራኬቱን ትሰቅይና ከእናትሽ ጎን ትቀመጫለሽ» ብለዋታል፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። እሑድ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዷ ግማሽ ሰዓት ቀድማ፣ ራኬቷን በሻሽ ጠቅልላ ከባጃጅ ወረደች። አባቷም ልጃቸው ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው አብረዋት መጥተው ነበር። የደረሱት ወንበር ሲደራረብ ነው። እርስዎም በአባቷ ፊት «ሰዓት የማያከብር ስፖርተኛ አይባልም» አሏት። ቢሻሮ ዞር ብላ የኒሙን ጉቶ አየችው። አባቷ ራኬቱን ከእጇ ተቀበሏትና እሳቸው ይዘውት ሄዱ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው፣ አቶ ሽመክት! ይህን በጨዋ አማርኛ የማለዝብበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

አምስተኛ፤ የውጤት ወረቀቱ የዳኛ ፊርማ ከሌለበት የትም እንደማይላክ ስላስታወሱ አመሰግናለሁ። ያስታወሱት ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ መሆኑ ግን ትንሽ ይቆጫል። ፊርማዬን እንዲያመጡ የሜዳ ጠባቂያችንን ጋሽ አብዲቃድርን ሦስት ጊዜ ቤቴ ልከዋቸዋል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሊያግባቡኝ የመጡት እኚሁ ሰው ሻይ እየጠጡ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ወላሂ ዝናሽ፣ አንቺ ከፈረምሽ እኔ ሁለተኛ ያን ሜዳ ውሃ አላጠጣም!» እኔም አልፈረምኩም፣ ወደፊትም አልፈርምም።

ለአገር አቀፉ ውድድር የተጫዋቾች ስም የሚላከው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ስለሆነ፣ ፍጻሜው የፊታችን እሑድ እንደሚደረግ በታላቅ አክብሮት አስታውቅዎታለሁ። ስለ ሰዓቱ አይጨነቁ። ጋሽ አብዲቃድር ያንን ባነርዎን ከአጥሩ አውርደው፣ ጉቶው አጠገብ በሁለት ረጃጅም ቋሚዎች ወጥረውታል፤ ትናንት ስንሞክረው ጥላው ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ መረቡን ነካ። ኒሙን ሊተካ ባይችልም፣ ፎቶግራፍዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክበቡ አንድ ነገር ጠቅሟል። የቢሻሮን አባት ራሴ ሄጄ ለምኛቸዋለሁ። እሳቸውም «ልጅቱን ልኬ አሁንም ወንበር ሲሰበሰብ ካገኘች፣ አንቺንም አላውቅሽ» ብለውኛል። ራኬቱን ግን መልሰውላታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ከተማው ስለ እርስዎ የሚያወራውን አልሰሙ ይሆናል፤ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ይህን ሁሉ መጻፌ። እሑድ ቢመጡ ደስታችን ወሰን የለውም። የውሃ ካርቶኑን እናነሳልዎታለን።

ጥላ ይብዛልዎ እያልኩ፣ ከወንበሬ ከፍታ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ዝናሽ በዛብህ
ያልፈረመችው ዳኛ

ማስታወሻ፦ ዋንጫውን ሳሎንዎ ቡፌ ላይ ካጡት፣ እባክዎ የቤት ሠራተኛዋን እንዳይጠረጥሩ። ረቡዕ ጠዋት ሃኒ ራሷ በፌስታል ይዛው መጥታ፣ «እትዬ ዝናሽ፣ ያልተጫወትኩበትን ዋንጫ እያየሁ ምግብ አልወርድልኝ አለ፤ እሑድ እመጣለሁ፣ ካሸነፈችኝም ታሸንፈኝ» ብላ እኔ ዘንድ አስቀምጣዋለች። ይህንንም ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት አንብባልኝ ሁለት ቦታ ላይ ፊደል አርማለች፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «እዚህ ጋ እኮ ለአባዬ በጣም ራርተውለታል» ብላኝ፣ እንዳለችው አስተካክዬዋለሁ።