ካሮት ያስመሰልሽው ፀጉሬ

አንቺ የልጄ ልጅ፣

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በአጥር ጠርታ ነገረችኝ። «አያቴ ባል አምሯት፣ ራሷ ቀለም ቀብታ ፀጉሯን ካሮት አስመሰለችው» ብለሽ ለሰፈሩ አወራሽ አሉ።

እኔ ነኝ የቀባሁት? ካርቶኑን ያነበብሽው አንቺ፣ ቀብተሽኝ ስልክሽ ላይ ተጥደሽ የረሳሽኝ አንቺ!

ፀጉር ቤት ተመልሼ ሄጃለሁ። ሠሪዋ «በአንድ ቀን ላስለቅቀው ካልኩ ይበጣጠሳል» ስላለች ትናንት አላለቀም።

ምሳሽ ድስቱ ውስጥ ነው። ጨው ከበዛበት አውቄ አይደለም።

የተረፈውን ቀለም አልጣልኩትም። የት እንዳደረግሁት አልናገርም። ሻምፑሽን ግን አሽትተሽ ተጠቀሚ።

ጠዋት «ከቤቴ ውጪልኝ» ያልኩሽን... እሱን ተይው።

ደግሞ ትናንት ሻሼን ስፈታ ፀጉር ቤቱ ሙሉ ሴት ሳቀብኝ። የእጮኛሽ እናትም እዚያው ነበሩ። «ምነው እማማ፣ ካርቶኑን ማንበብ አቅቶዎት ነው?» አሉኝ። እኔ ለአንቺ ብዬ አፌን ያዝኩ። ጓደኛዬ አዋላጇ ግን ከካስኩ ስር አንገቷን አውጥታ፣ «እሷስ የተማረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ አንብባ የቀባቻት የልጅሽ እጮኛ ግን ባለዲግሪ ናት!» አለቻቸው።