በአምቡላንስ የመጣው ድምፅ ማጉያ

ለተከበሩ የሠራዊት ማነቃቂያ ዝግጅቶች ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ በመድረክ ንግግር የደከመው ጉሮሮዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ወታደር ነው። በዚህ ጦርነት መካከል ታዋቂውን ዘፋኝ ግንባር ድረስ ስላመጡልን ላመሰግንዎ ተነሣሁ፤ ምስጋናዬ ግን ክሩ እንዳለቀበት ስፌት እየተተረተረ ስላስቸገረኝ በቁጥር አስሬዋለሁ።

፩ኛ፦ ድምፅ ማጉያው የሚጫንበት መኪና ቢጠፋ፣ ግንባሩ የነበረውን አንድ አምቡላንስ ስለ መደቡለት አመሰግናለሁ። ማጉያው በቁስለኛ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጭረት ሳይነካው ደርሷል። በዚያው ሰዓት ወንድሜ ክንዱን ተመትቶ መንገድ ዳር አምቡላንስ ይጠብቅ ነበር። ጠበቀ። ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማው ነበር፤ ጥርት ያለ ነበር ብሎኛል። ሐኪሙ ግን ቶሎ ቢደርስ ኖሮ ክንዱ ይተርፍ እንደነበር ነገረን። ሐኪም እንግዲህ ለሙዚቃ ጆሮ የለውም።

፪ኛ፦ ዘፋኙ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ቁስለኞችን ስለ ጎበኘ አመሰግናለሁ። ለካሜራ እንዲመች ወንድሜን ከፊት አስቀመጣችሁት፤ ባዶውን ቀኝ እጅጌ አጥፌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዘፋኙ እንደ መድረክ ልማዱ «እጅ ወደ ላይ!» አለ። ወታደር ይህን ቃል የሚያውቀው ሲማረክና ሲማርክ ነው። ወንድሜ ብቻ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ እኔ አንዱን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ» አለው። ካሜራው ወደ መስኮቱ ዞረ።

፫ኛ፦ ቢሮዎ በሆስፒታሉ የፊተኛው ረድፍ ጭብጨባ ቀዝቃዛ ነበር ብሎ መውቀሱን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም። ቢሆንም ወንድሜ ሞክሯል። «እታለም፣ እስቲ እጅሽን አውሺኝ» ብሎ በግራ እጁ መዳፌን ይመታ ነበር። ስፌት መኪናዬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ጭብጨባ ይሁን ጥፊ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

አሁን ደግሞ በዚያው ግንባር ሌላ ዝግጅት እንዳሰናዱ ተነግሯል። ዘፋኙ ይምጣ፤ ልጆቹም ይጨፍሩ፣ ነገ ምን እንደሚገጥማቸው ማን ያውቃል። አምቡላንሱን ግን ይተዉላቸው።

ጭብጨባ እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የባለ አንድ እጅጌው እህት

የተረሳ ነገር፦ አሁንም መኪና ከጠፋ፣ ድምፅ ማጉያውን መንገድ ዳር ያቆዩት። እሱ መጠበቅ ይችላል፤ አይደማም።