አድሮ የሚነፋ ጎማ

ጥቅምት 6

መኪናዋን ብቻዬን ነድቼ ሥራ ሄድኩ። ብቻዬን! ሦስት ጊዜ ሞተሩ ጠፋብኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጡሩምባውን እስኪበቃው ነፋ፣ እኔ ግን ደረስኩ።

ስመለስ አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። “አባባ፣ ሾፌርዎ ገባች!” አልኳቸው ለቀልድ።

“እዚህ ቤት ሾፌር አለ እንዴ?” ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አልፈርድባቸውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው… የዓይን ሐኪሙ “ከእንግዲህ መሪ አይይዙም” ካላቸው ሁለት ወር ሆነ። የዚያኑ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የለም። ድሮ ሲመጡ ኪሳቸው ቅጭል ቅጭል ይል ነበር። አሁን ከኋላዬ ቆመው እንኳ አልሰማቸውም።

ትርፉ ቁልፍም የት እንደገባ እንጃ። ስንጠይቃቸው “አላውቅም” ነው መልሳቸው።

ጥቅምት 7

የጎማ አየር መለኪያ ገዛሁ! አሥራ አንድ ዓመት ላብራቶሪ የሠራ ሰው በግምት አይነዳም። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 32 ይላል። ከሥራ እንደገባሁ ለካሁ… 36፣ 36፣ 35፣ 36። ማነው እንዲህ የወጠራቸው? ትስስስ… አስተነፈስኳቸው። አራቱም ልክ 32። ደስ ሲል!

ጥቅምት 8

ከሥራ መልስ፦ 36። እንደገና?! አስተነፈስኩ።

ጥቅምት 10

ዛሬም 36። ሰው ጎማው እያደረ ይጎድልበታል፣ የኔ አድሮ ይነፋል?

ጎሚስታው ጋ ሄድኩ። መፍቻውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። “እህቴ፣ ሃያ ዓመት ስሠራ ጎማዬ ጎደለ የሚል እንጂ ተረፈኝ የሚል ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ቤትሽ በረከት ገብቷል!” ከዚያ ጠየቀኝ፣ “መቼ ነው የምትለኪው?”

“ከሥራ ስገባ።”

“ነድተሽ መጥተሽ? እንዴ! ጎማ ሲሞቅ ቁጥሩ ይወጣል። ጠዋት ሳትነጂ ነው የሚለካው።”

ኩም አልኩ። ለካ በየቀኑ ደህናውን አየር ሳስወጣ ነው የከረምኩት። የኔ ነገር!

ግን… በየቀኑ ካስወጣሁ በየቀኑ መጉደል ነበረበት። ማነው የሚሞላው?

ጥቅምት 12

ለባለቤቴ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም።

“ትርፉ ቁልፍ የጠፋው ለዚህ ነዋ። አባቴ ጎማ እየነፋ በድብቅ ሊነዳ ነው። ምናልባትም እየነዳ ነው።”

“በዚያ ዓይናቸው?”

“እኮ! የሰው ልጅ ቢገጭስ? እስከ ሳምንት ሰኞ ቁልፉ ካልተገኘ መኪናዋን እሸጣለሁ።”

የዛሬ ሳምንት እሁድ እህቱን አራስ ልንጠይቅ ልንሄድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማለቱ ነው። አባባ መኪናቸውን ሲሸጡባቸው… አላስበውም። እኔም ገና መንዳት መጀመሬ ነው እኮ! የኪሎሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጽፌ ተኛሁ።

ጥቅምት 13

ጠዋት ቆጣሪውን አየሁ። ንቅንቅ አላለም። ተመስገን! አልነዱም። ታዲያ ምን እየሠሩ ነው?

እንደ ላብራቶሪ ሰው ሙከራ አዘጋጀሁ። ማታ አራቱንም ጎማ ሆን ብዬ 26 አደረስኳቸው። ነገ በጠዋት መስኮት ላይ ነኝ።

ጥቅምት 14

ጎህ ሲቀድ አባባ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። የፊቱን ጎማ በከዘራቸው ኳ አደረጉትና ጆሯቸውን አዘነበሉ። የኋላውንም ኳ። ራሳቸውን ነቅንቀው የእግር ፓምፑን ከዕቃ ቤት አመጡ፣ የጎማውን ክዳን በጣታቸው ዳብሰው አገኙት፣ ረገጣ ጀመሩ። በሰባ አንድ ዓመታቸው!

ሮጬ ወጣሁ። “አባባ!”

ደነገጡ። ከዚያ ቁጣ መጣ። “ይቺ መኪና ጉድ ናት! አራቱም ጎማ እኩል ይጎድላል። ዛሬማ ባሰባት። በሳሙና ውኃ ሁሉ ፈልጌያለሁ፣ ቀዳዳ የላትም።”

“አባባ… ቀዳዳዋ እኔ ነኝ።”

ሁሉንም ነገርኳቸው። አፍጥጠው ሰሙኝ።

“ትኩስ ጎማ ለክተሽ አስተነፈስሽ?”

“አዎ።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ።”

“የተማረ ይግደለኝ!” ብለው ሳቁ። ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔም መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በሁለት ወር የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

“ለምን አልነገሩኝም ግን?”

“ምን ልበልሽ? ጎማ ፈንድቶብሽ እንዳትገለበጪብኝ እፈራለሁ ልበል?”

ልቤ ስፍስፍ አለ። ድፍረት አግኝቼ “ትርፉ ቁልፍስ አባባ?” አልኩ።

ፓምፑን ይዘው ገቡ። ምነው አፌን በያዝኩ…

ጥቅምት 16

ደግነቱ አላኮረፉም። ጠዋት ጠዋት አብረን ነን። እሳቸው በከዘራ ኳ፣ እኔ በመለኪያ።

“ይሄ ሠላሳ ነው።” ለካሁ፣ 30!

“ይሄኛው ሠላሳ ሁለት።” ለካሁ፣ 31።

“መለኪያሽን ለሐኪም አሳዪው” አሉኝ።

የቁልፉን ነገር አላነሳሁም። ባለቤቴ በመስኮት ያየናል።

ጥቅምት 19

ሦስት ሰዓት ነዳሁ! አባባ ከጎኔ፣ ባለቤቴ ከኋላ በሻንጣ ተቀብሮ።

ልንነሳ ስንል፣ “ስኮርታውን ለካሽው?” አሉኝ። ትርፍ ጎማውን? ትዝ ብሎኝም አያውቅ። 11! “እመት ቁጥር፣ የመኪና ጎማ አራት ነው አምስት?” ተሳቀብኝ፣ ተሞላ፣ ተነሳን። መንገዱን ሙሉ “ማርሽ ቀንሺ… ተይው ይለፍ፣ ቸኩሏል… ጎበዝ።”

አራሷ አቅፋ ሳመቻቸውና ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። “ማን ነድቶ መጣችሁ?” አለች።

አባባ በአገጫቸው ወደ እኔ እያሳዩ፣ “ሾፌራችን ናታ!”

እጄን ልታጠብ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁንም ስጽፈው ይመጣብኛል።

ጥቅምት 20

ሰኞ። የቁልፉ ቀን። ጠዋት ጎማዎቹ ጋ ስደርስ አባባ ቀድመውኛል። ከኪሳቸው የተቋጠረ ካልሲ አወጡ። ውስጡ የድሮው የነሐስ ቀለበታቸው፣ ቀለበቱ ላይ ትርፉ ቁልፍ!

“እንዳይጮህ ነው የጠቀለልኩት። አንድ ቀን አልነዳሁበትም።”

“አውቃለሁ። ቆጣሪውን ጽፌ ይዤ ነበር።”

“አየሽ፣ ኪሴ ባዶ ሲሆን… ሰው የሆንኩ አይመስለኝም።” ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። “አንቺ ያዢው። ሾፌር ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል።”

ባዶው ቀለበት እጃቸው ላይ ቀረ። አላስቻለኝም። ቤት ገብቼ ፓምፑና መለኪያው ከሰሞኑ የሚቆለፉበትን የዕቃ ቤቱን ሣጥን ቁልፍና የነዳጅ ክዳኑን ቁልፍ አመጣሁ፣ ሁለቱንም ቀለበቱ ላይ አስገባሁላቸው።

“ከዛሬ ጀምሮ ያለ እርስዎ መለኪያም አይወጣ፣ ነዳጅም አይቀዳ።”

አሰቡበት። “እንግዲያ ነዳጅ ማደያ በሄድሽ ቁጥር እኔም አለሁ ማለት ነው?”

“እንዴታ!”

ባለቤቴ ቁልፉን ሲያይ “አባቴ ራሱ ነው የሰጠሽ?” አለ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። መኪናዋ አትሸጥም።

ማታ ከሥራ ገብቼ የመኪናዋን በር ስዘጋ፣ ከበረንዳው በኩል ቅጭል ቅጭል ሲል ሰማሁ።

“ሾፌር! ጎማዎቹን እንዳትነኪያቸው፣ ገና ትኩስ ናቸው!”